እግር ያደረሰውን እጅ ይወስዳል

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ይላል ያገራችን ሰው። ይህን የተረተው ሰው ሜዳ ቴኒስ የሚባል ነገር በዓይኑ እንዳላየ መገመት ይቻላል። ይሁንና በዚህ ጨዋታ የመቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ታሪክ ውስጥ ታላላቆቹን ከሌላው ተጫዋች የለያቸውን ነገር እንደሱ ባጭሩ የተናገረ አሠልጣኝ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ቴኒስ በቴሌቪዥን ስናይ ዓይናችን የሚሄደው ወደ እጅ ነው። ራኬቱ ሲወነጨፍ፣ ኳሷ መስመር ላይ ስታርፍ፣ ሕዝቡ ሲጮህ እናያለን። አስተያየት ሰጪውም "እጁን ይባርከው!" ሊል ምንም አይቀረው። ካሜራውም ቢሆን ዝግ አድርጎ ደጋግሞ የሚያሳየን ራኬትና ኳስ ሲገናኙ ነው። ከዚያች ምት በፊት እግር የረገጣቸውን ስድስት ሰባት ትንንሽ እርምጃዎች ማን ይቆጥራል? እግር እንደሆነ ዕድሉ ነው፤ ተሸክሞ ያደርሳል እንጂ ስሙ አይነሳም።

ስለዚህ ዛሬ አንገታችንን ደፋ አድርገን ጨዋታውን ከጉልበት በታች እንየው። ከታች ሲያዩት የቴኒስ ታሪክ ሌላ መልክ አለው። ማን እንዲሮጥ ተፈቀደለት? ማን ቀድሞ ደረሰ? ማን እስከ መጨረሻው ቆመ? በስተመጨረሻስ ሒሳቡን ማን ከፈለ? (ዓመታቱን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው። ደግሞም የግጥሚያውን ክፍል ፈረንጆቹ "ሴት" ይሉታል፤ ከእህቶቻችን ጋር እንዳይምታታብን እኛ "ዙር" እንበለው።)

በመጀመሪያ ሜዳውን እንለካ። ለአንድ ለአንድ ግጥሚያ የሚያገለግለው ሜዳ ርዝመቱ 23 ሜትር ከ77 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 8 ሜትር ከ23 ሳንቲ ሜትር ነው። መሐል ላይ የቆመ ተጫዋች ወደ ግራም ሆነ ወደ ቀኝ እስከ መስመሩ የሚቀረው አራት ሜትር ከምናምን ነው ማለት ነው። አራት ሜትር! ከሳሎን እስከ ጓዳ እኮ ነው። የመቶ ሜትር ሯጭ እዚያች ርቀት ላይ ገና ከመነሻው በደንብ ቀና አላለም። ታዲያ ችግሩ የቱ ላይ ነው? ችግሩ ርቀቱ ሳይሆን ጊዜው ነው። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የተላከች ሰርቭ አንድ ሰከንድ ሳይሞላ ደጃፍ ላይ ናት። በዚያች ሽርፍራፊ ጊዜ ውስጥ ተጫዋቹ ማየት፣ መወሰን፣ መንቀሳቀስ፣ መቆምና መምታት አለበት። "መቆም" የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ የጨዋታው ምሥጢር ያለው እዚያ ላይ ነው። መሮጥማ ማንም ይሮጣል። ደርሶ፣ ተረጋግቶ፣ ሚዛኑን ጠብቆ መምታት ግን የጥቂቶች ነው።

ታላላቆቹ ለዚህ የያዙት መላ ላየው ሰው የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ባላጋራቸው ኳሷን ሊመታ ሲል ከመሬት ጥቂት ጣት ያህል እንጣጥ ይላሉ። ስፕሊት ስቴፕ ይሉታል። ሲያርፉ እግራቸው ተከፍቶ፣ ጉልበታቸው ሸብረክ ብሎ፣ ክብደታቸው ወደ ጣቶቻቸው ሆኖ ነው፤ የሚያርፉትም ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ በሚታወቅበት ቅጽበት ነው። ያን ጊዜ ጡንቻው እንደተጨመቀ ሞላ ነው፤ ወደ ፈለጉት አቅጣጫ ያስፈነጥራቸዋል። ቀድሞ የዘለለ አርፎ ደርቆ ይቀራል። ዘግይቶ የዘለለ ደግሞ እሱ አየር ላይ ሳለ ኳሷ ታልፈዋለች። ከዝላዩ በኋላ አንድ ረጅም እርምጃ፣ ቀጥሎ ሁለት ሦስት ፈጣን፣ ኳሷ አጠገብ ሲደርሱ ደግሞ ለማስተካከያ የምትሆን ትንንሽ ድክ ድክ አለች። ከመቱ በኋላም "እሰይ" ብሎ መቆም የለም፤ ወዲያው ወደ ቦታ መመለስ ነው። ይሄ ሁሉ በአንድ ግጥሚያ ውስጥ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። ታጥቆ የጠበቀው የማይሮጥ እስኪመስል ድረስ ቀስ ብሎ ይደርሳል። ሲሮጥ የታጠቀው ግን… ተረቱን ነግሬያችኋለሁ።

ለነገሩ ጨዋታው ገና ሲጀመርም እግር አልተረሳም ነበር። በ1877 ለንደን ላይ የመጀመሪያው የዊምብልደን ውድድር ሲታወጅ፣ ማስታወቂያው ተጫዋቾች ራኬታቸውን ይዘው እንዲመጡና ተረከዝ የሌለው ጫማ እንዲያደርጉ ያዝዝ ነበር። የታሰበው ለእግሩ ይሁን ለሣሩ መቼም አንባቢ ይገምተው። 22 ሰዎች ተወዳድረው ስፔንሰር ጎር የሚባል እንግሊዛዊ አሸነፈ። የጎር ዘዴ ወደ መረቡ ተጠግቶ ኳሷን መሬት ሳትነካ በአየር ላይ መመለስ ነበር። በዓመቱ ግን ፍራንክ ሃዶው የሚባል፣ በሲሎን (በዛሬዋ ስሪላንካ) ቡና የሚያለማ ሰው ለዕረፍት አገሩ መጥቶ ውድድሩ ውስጥ ገባ። ጎር ወደ መረቡ በተጠጋ ቁጥር ሃዶው ኳሷን በአናቱ ላይ ወደ ኋላው ይሰቅልበት ጀመር። ወደ ፊት መሄድ የለመደው ሰውዬ ዞሮ ወደ ኋላ መሮጥ ግድ ሆነበት፤ ዋንጫውንም አስረከበ። ሃዶው ወደ ቡናው ተመለሰ። ሰውን ማስሮጥ ራሱ መምቻ እንደሆነ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ታወቀ።

ይሁን እንጂ መሮጥ ለሁሉም እኩል አልተፈቀደም። ሴቶች ዊምብልደን ላይ መወዳደር የጀመሩት በ1884 ነው። ጀመሩ ይባል እንጂ ሜዳ የሚገቡት እስከ ቁርጭምጭሚት በሚወርድ ቀሚስ፣ በረጅም እጅጌ፣ ከሥር ደግሞ ወገብንና ደረትን ጠፍሮ በሚይዝ ኮርሴት ነበር። እስቲ አስቡት፤ ትንፋሽ እንደልብ በማያስገባ ልብስ ውስጥ ሆኖ ስለ ጽናት ማውራት! "ሴት ልጅ ብዙ አትሮጥም" ይባል የነበረውን ነገር ሰዎች ከተፈጥሮ የመጣ አድርገው ያዩት ነበር። ያላዩት ልብሱን ነው።

በ1919 የሃያ ዓመቷ ፈረንሳዊት ሱዛን ሌንግሌን ዊምብልደን መጣች። ኮርሴት የለም፤ እጅጌዋ አጭር ነው፤ ቀሚሷ ከባት ብዙም አያልፍም። ጉድ ተባለ፤ ጋዜጣው ሁሉ ስለ ልብሷ ጻፈ። በፍጻሜው የገጠመቻት ሰባት ጊዜ ያሸነፈችው የ40 ዓመቷ ዶሮቲያ ላምበርት ቼምበርስ ነበረች፤ እሷ ደግሞ በቀድሞው ደንብ የለበሰች። ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛና ንግሥት ሜሪ ተቀምጠው ይመለከታሉ። ግጥሚያው 44 ጌም ፈጀ፦ 10 ለ 8፣ 4 ለ 6፣ 9 ለ 7። ላምበርት ቼምበርስ ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ብቻ የቀራት ጊዜ ሁለቴ ነበር፤ ሁለቴም አመለጣት። ሌንግሌን አሸነፈች።

እዚህ ላይ ፍርዳችን ሚዛናዊ ይሁን። የአርባ ዓመቷ ሴት በዚያ ሁሉ ጨርቅ ውስጥ ሆና የልጇን እኩያ ልጅ እስከዚያ ማድረሷ ከሌንግሌን ድል የሚያንስ ጽናት አይደለም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ አልነበረም። ሌንግሌን ዊምብልደንን ስድስት ጊዜ ወሰደች። ከዘመኗ የቀሩት ፎቶግራፎች ብዙዎቹ የሚያሳዩዋት ሁለት እግሮቿ ከመሬት ተነሥተው አየር ላይ ሳለች ነው። ከሷ በፊት የነበሩት ሴቶች እግር የላቸውም ነበር ወይ? ነበራቸው። የጎደለው እግር ሳይሆን ፈቃድ ነው።

ወንዶቹም ቢሆኑ ከልብስ ጣጣ ነፃ አልነበሩም። እስከ 1930ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የሚጫወቱት በረጅም ነጭ ሱሪ ነው። እንግሊዛዊው በኒ ኦስቲን ሱሪው በላብ ሲርስ ክብደቱ እግሩን እንደሚጎትተው ታዘበና ቁምጣ ለብሶ ገባ። መጀመሪያ ተሳቀበት፤ ኋላ ሁሉም ተከተለው። የአዲስ ነገር ዕጣ መቼም ይኸው ነው።

ልብሱ ከቀለለ በኋላ ተራው የትንፋሽ ሆነ። ጽናት ሲባል እኛ አገር ቶሎ የሚታየን አሥር ሺህ ሜትርና ማራቶን ነው። የቴኒስ ጽናት ግን ሌላ ዓይነት ነው። በአንድ ግጥሚያ ውስጥ ኳሷ በጨዋታ ላይ የምትቆየው ከጠቅላላው ሰዓት ሲሶውን እንኳ አይሞላም። የቀረው መራመድ፣ ላብ መጥረግ፣ ማሰብ ነው። ስለዚህ ጽናቱ ያለማቋረጥ መሮጥ አይደለም፤ እንደ እብድ ሮጦ፣ ድንገት ቆሞ፣ በሃያና በሃያ አምስት ሰከንድ ውስጥ ትንፋሽ ሰብስቦ እንደገና እንደ እብድ መሮጥ ነው። ያውም ሰዓቱ ስንት እንደሆነ ሳያውቁ። ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ላይ ያልቃል። ቴኒስ የሚያልቅበትን የሚያውቅ የለም።

አውስትራሊያኖች ይህን ቀድመው ነቁበት። ከ1939 እስከ 1967 ባለው ጊዜ ውስጥ ሃሪ ሆፕማን የሚባል ጥብቅ ሰው የመራቸው የአውስትራሊያ ቡድኖች የዴቪስ ዋንጫን 16 ጊዜ ወሰዱ። ሆፕማን ልጆቹን ከራኬት በፊት በሩጫና በጂምናስቲክ የሚያደክም ሰው ነበር። አምስተኛው ዙር ላይ ባላጋራው ወገቡን ይዞ ሲያቃስት የአውስትራሊያው ልጅ ገና እንደ ጧት ይንቀሳቀሳል። የዚያ አገር ሰው ሮድ ሌቨር በ1969 አራቱንም ግራንድ ስላም በአንድ ዓመት ሲጠቀልል፣ አገሩ ላይ በግማሽ ፍጻሜ ቶኒ ሮችን ያሸነፈው በጠራራ ፀሐይ ሲሆን አንዱ ዙር ብቻ 22 ለ 20 ነው ያለቀው። ሁለቱም ባርኔጣቸው ውስጥ የረጠበ የጎመን ቅጠል ከትተው ነበር ይባላል።

የዚያው ዓመት ዊምብልደን ደግሞ ሌላ ጉድ አሳየ። የ41 ዓመቱ አሜሪካዊ ፓንቾ ጎንዛሌስ ከ25 ዓመቱ ቻርሊ ፓሳረል ጋር ተገናኘ። የመጀመሪያውን ዙር 24 ለ 22 ተሸነፈ። መሸ፤ "አይታየኝም፣ ይቁምልኝ" ቢል የሚሰማው አጣ። ተበሳጭቶ ሁለተኛውን ዙር 6 ለ 1 ለቀቀና በጩኸት ታጅቦ ወጣ። በማግስቱ ተመልሶ 16 ለ 14፣ 6 ለ 3፣ 11 ለ 9 አሸነፈ። በጠቅላላው 112 ጌም፣ 5 ሰዓት ከ12 ደቂቃ። ፓሳረል ለማሸነፍ አንድ ነጥብ የቀረው ጊዜ ሰባት ነበር፤ ሰባቱንም ሽማግሌው አከሸፈበት።

ሕዝቡ ሲያደንቅ የውድድር ኃላፊዎቹ ግን ሰዓታቸውን ያዩ ነበር። ጂሚ ቫን አለን የሚባል አሜሪካዊ፣ ዙሩ በሁለት ጌም ልዩነት ካልሆነ አያልቅም መባሉ ቀርቶ በአንድ ማሳረጊያ ጌም ይቆረጥ ብሎ ሲወተውት ዓመታት አልፈውት ነበር። በ1970 የአሜሪካ ኦፕን፣ በ1971 ዊምብልደን ታይብሬክ የሚባለውን ነገር ተቀበሉ፤ ዊምብልደን ግን የመጨረሻውን ዙር ሳይነካ ተወው። የተተወው ነገር ዋጋ የታወቀው በ2010 ነው። ጆን ኢስነርና ኒኮላ ማሁ ሦስት ቀን ሙሉ፣ 11 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ተጫወቱ። የመጨረሻው ዙር 70 ለ 68 አለቀ። የውጤት ሰሌዳው እንኳ 47 ለ 47 ላይ ደክሞት ቆሟል። አሸናፊው ኢስነር በሚቀጥለው ግጥሚያው በሦስት ዙር ስድስት ለባዶ፣ ስድስት ለሦስት፣ ስድስት ለሁለት ተሰናበተ። ማሸነፉ ምን ጠቀመው? ከ2022 ጀምሮ አራቱም ግራንድ ስላሞች የመጨረሻውን ዙርም በታይብሬክ ይቆርጣሉ። ሕጉ የተሻሻለው በከፊል ለቴሌቪዥን ፕሮግራም ተብሎ ነው፤ ተጠቃሚው ግን እግርም ነው።

ወደ 1970ዎቹ እንመለስ። ስዊድናዊው ብዮርን ቦርግ የፈረንሳይን ሮላን ጋሮስ ስድስት ጊዜ፣ ዊምብልደንን በተከታታይ አምስት ጊዜ አሸንፏል። ከ1978 እስከ 1980 ባሉት ሦስት ዓመታት ደግሞ ሁለቱንም በአንድ አንድ ክረምት ወስዷል። ይሄ በእግር ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ ልብ በሉ። የፈረንሳዩ ሜዳ ቀይ አፈር ነው፤ ተጫዋቹ እየተንሸራተተ ነው የሚደርሰው። የእንግሊዙ ሣር ነው፤ እዚያ የተንሸራተተ ይወድቃል፤ እርምጃው አጭርና ጥንቁቅ መሆን አለበት። ቦርግ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እግሩን እንደገና አረማመድ ያስተምረው ነበር ማለት ነው።

የ1980ው ፍጻሜ ከጆን ማኬንሮ ጋር ነው። በአራተኛው ዙር ታይብሬክ ውስጥ ብቻ ቦርግ አምስት ጊዜ ሊጨርሰው አንድ ነጥብ ቀርቶት ነበር። ሁሉም አመለጡት፤ ታይብሬኩን 18 ለ 16 ተሸነፈ። ከዚህ በኋላ የማንም እግር ይከብዳል። ቦርግ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ቦታው ተመለሰና አምስተኛውን ዙር 8 ለ 6 ወሰደ። ጽናት ሳንባ ላይ ብቻ እንደማይኖር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ያው ማኬንሮ በ1984 በእጅ ጥበብ ማንም አልደረሰበትም። ልምምድ እምብዛም የማይወድ፣ ጥንድ ጥንድ መጫወቱን እንደ ልምምድ የሚቆጥር ሰው ነበር። ያን ዓመት አንድም ሳይሸነፍ ሮላን ጋሮስ ፍጻሜ ደረሰ። ባላጋራው ኢቫን ሌንድል ከዚያ በፊት አራት የግራንድ ስላም ፍጻሜ ተጫውቶ አራቱንም የተሸነፈ ነው። ማኬንሮ ሁለት ዙር ለባዶ መራ። ከዚያ በቀዩ አፈር ላይ እግሩ ቀስ በቀስ ይለግም ጀመር። ሌንድል 6 ለ 4፣ 7 ለ 5፣ 7 ለ 5 አሸነፈ። ማኬንሮ ያን ዋንጫ ዕድሜ ልኩን አላገኘውም። ሌንድል ግን ትምህርቱን ይዞ ሄደ፦ አመጋገቡን ቀየረ፣ ብስክሌት ጋለበ፣ የአሜሪካ ኦፕንን ሜዳ የሚያነጥፉትን ሠራተኞች ቤቱ ድረስ አስመጥቶ ያንኑ ዓይነት ሜዳ አስነጠፈ። ከ1982 እስከ 1989 የአሜሪካ ኦፕን ፍጻሜ ላይ ስምንት ጊዜ በተከታታይ ቆመ።

በሴቶቹ በኩል ይህን መንገድ የቀደደችው ማርቲና ናቭራቲሎቫ ናት። በ1975 ከቼኮዝሎቫኪያ ሸሽታ አሜሪካ ስትቀር ተሰጥዖዋ ሙሉ፣ አካሏ ግን ያልተገራ ነበር። ከ1981 ጀምሮ ናንሲ ሊበርማን የምትባል የቅርጫት ኳስ ተጫዋች እየገፋቻት ክብደት አነሳች፣ ሮጠች፣ አመጋገቧን አስተካከለች። በ1983 ካደረገቻቸው 87 ግጥሚያዎች የተሸነፈችው አንዱን ብቻ ነው። "ይሄማ የሴት ጡንቻ አይደለም" ያሏት አልጠፉም፤ የሌንግሌን ቀሚስ ወሬ በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ነው። ባላጋራዋ ክሪስ ኤቨርት ግን ወሬውን ትታ እሷም ጂም ገባች፤ በ1985ና በ1986 የሮላን ጋሮስ ፍጻሜ ላይ ናቭራቲሎቫን አሸነፈቻት። ናቭራቲሎቫስ? በ2006 የአሜሪካ ኦፕንን በድብልቅ ጥንድ ስታሸንፍ 50 ዓመት ሊሞላት አንድ ወር ነበር የቀራት።

እግር ጉልበተኛ ብቻ ሳይሆን ብልጥም ነው። ጀርመናዊቷ ስቴፊ ግራፍ ኳሷ ወደ ደካማ ጎኗ ስትመጣ በፈጣን ትንንሽ እርምጃዎች ዞራ በጠንካራው ፎርሃንዷ ትመታት ነበር። ሰው "እንዴት ያለ ፎርሃንድ" አለ፤ ፎርሃንዱን ግን እዚያ ያደረሰው እግር ነው። በ1988 አራቱንም ግራንድ ስላምና የኦሊምፒክ ወርቅ በአንድ ዓመት ስትሰበስብ 19 ዓመቷ ነበር።

በዓመቱ ደግሞ እግር አልታዘዝም ሲል ምን እንደሚደረግ ያሳየ ልጅ መጣ። የ17 ዓመቱ ማይክል ቻንግ ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 ሳንቲ ሜትር ነው። በሮላን ጋሮስ ከዓለም አንደኛው ሌንድል ጋር ገጠመና ሁለት ዙር ተመራ። ሁለቱን መልሶ አምስተኛው ላይ ሲደርስ እግሩን ክራምፕ ያዘው። በየዕረፍቱ ከተቀመጠ መነሣት ስለማይችል ቆሞ ሙዝ ይበላል፣ ውኃ ይጠጣል። ኳሷን ወደ ሰማይ እየሰቀለ ጊዜ ይገዛል። በኋላም ጉልበት ስላጣ ሰርቩን እንደ ሕፃን ከሥር ወርወር አድርጎ ጀመረ፤ ሌንድል ተደናገረና ነጥቡን አጣ። በመጨረሻዋ ነጥብ ላይ ቻንግ ከተለመደው ቦታ ወደፊት ብዙ እርምጃ ገብቶ ቆመ። ሌንድል ሁለቱንም ሰርቭ ሳተ። ከአራት ሰዓት ተኩል በላይ የፈጀው ግጥሚያ እንዲህ አለቀ። ልጁ ዋንጫውንም ወሰደ፤ እስካሁን በወንዶች ግራንድ ስላም ከሱ ያነሰ ዕድሜ ያለው አሸናፊ የለም።

በዘመናችን ሦስት ዓይነት እግር አየን። የሮጀር ፌደረር እግር ድምፅ የለውም፤ ቀድሞ እዚያ የነበረ ነው የሚመስለው። ሰው "ይሄ ልፋት የለበትም" ሲለው ኖረ። ከ2000 ጀምሮ ፒየር ፓጋኒኒ የሚባል የአካል ብቃት አሠልጣኝ ሥር ያፈሰሰውን ላብ ማን አየ? ራሱ ፌደረር በ2024 ለዳርትመዝ ኮሌጅ ተመራቂዎች ሲናገር "ያለ ልፋት" የሚባለው ነገር ተረት መሆኑን ገልጾ፣ ከተጫወታቸው 1,526 ግጥሚያዎች ሰማንያ በመቶ ያህሉን ቢያሸንፍም ካገኛቸው ነጥቦች ግን የወሰደው 54 በመቶውን ብቻ መሆኑን ነግሯቸዋል። በዚያ ሁሉ ግጥሚያ አንዱንም አቋርጦ አልወጣም።

የራፋኤል ናዳል እግር ደግሞ ያለቀ ኳስ የማያውቅ እግር ነው። ሮላን ጋሮስን 14 ጊዜ ያሸነፈውም በዚያ ነው። የኖቫክ ጆኮቪች እግር የሁለቱ ቅልቅል ነው። ልጅ ሳለ ኮፓኦኒክ በሚባል የሰርቢያ ተራራ ላይ በረዶ ሲንሸራተት ያደገ ነውና በጠንካራው ሜዳ ላይ እንደ ቀይ አፈር ተንሸራቶ ይመታል። እሱ ግን ሲጀምር ጽኑ አልነበረም። በ2009 የአውስትራሊያ ኦፕን ሙቀቱ አሸንፎት አቋርጦ ወጣ፤ "ሰበበኛ" እየተባለ ተቀልዶበታል። አመጋገቡን፣ እንቅልፉን፣ አተነፋፈሱን ቀየረ። በ2012 እዚያው ከተማ ከአንዲ መሬይ ጋር 4 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ተጫውቶ፣ በሁለተኛው ቀን ከናዳል ጋር 5 ሰዓት ከ53 ደቂቃ ተፋለመና አሸነፈ። በሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ላይ ንግግሩ ሲረዝም ሁለቱም መቆም አቅቷቸው ወንበር መጣላቸው። በግራንድ ስላም ፍጻሜ ከዚያ የረዘመ የለም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። እጅ ዋንጫውን ከፍ አድርጎ ፎቶ ይነሣል፤ ደረሰኙ የሚመጣው ግን ለእግር ነው። ናዳል ገና በ19 ዓመቱ፣ በ2005፣ በግራ እግሩ አጥንት ላይ የማይድን ሕመም እንዳለበትና ምናልባትም ሁለተኛ ላይጫወት እንደሚችል ተነግሮት ነበር። ልዩ ጫማ ተሠራለት፤ እግሩ ፋታ ሲያገኝ የሰውነቱ ሚዛን ተቀየረና ጉልበቱ መታመም ጀመረ። በ2022 14ኛውን የፓሪስ ዋንጫ ሲያነሣ እግሩ በማደንዘዣ መርፌ ደንዝዞ ነበር። በ2024 ተሰናበተ። ፌደረር ከሦስት የጉልበት ቀዶ ሕክምና በላይ ካየ በኋላ በ2022 ለንደን ላይ የናዳልን እጅ ይዞ እያለቀሰ ወጣ። መሬይ በ2019 ዳሌው ውስጥ ብረት አስገብቶ ተመልሶ አንድ ዋንጫ ወሰደ፤ በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ አበቃ። ጆኮቪች በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ጉልበቱን ተቀዶ ነሐሴ ላይ፣ በ37 ዓመቱ፣ የኦሊምፒክ ወርቅ አጠለቀ። ቦርግ ደግሞ በ1983፣ በ26 ዓመቱ፣ እግሩ ሳይደክም አቆመ። የሰለቸው ኑሮው ነበር።

"ታዲያ ለምን?" ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። እኔ ግን ይህን ያህል መክፈል ተገቢ ነው አይደለም ብሎ ለመፍረድ አልቸኩልም፤ የከፈሉት እነሱ ናቸው። የማልቀበለው ነገር ከፋዩ እየከፈለ ተመልካቹ "ያለ ልፋት" ማለቱን ነው። ይሄ ደግሞ የቴኒስ ብቻ አመል አይደለም። ሠርግ ላይ ወጡ ሲጣፍጥ የሚመሰገነው ጠሪው ነው፤ ሦስት ሌሊት ሽንኩርት ስትልጥ ያደረችው ጓዳ ውስጥ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። መጽሔቱ ላይ ያለው የጸሐፊው ስም ነው፤ ሌሊቱን ቆሞ ያተመው ሰው ስሙ የለም። ጨርሶ የሚታየውን እናጨበጭብለታለን፤ ያደረሰውን እንረሳዋለን። ከዚያ ልጆቻችንን "እጅ ይኑርህ" ብለን እናሳድጋለን። "ቀድመህ ድረስ፣ ስትደርስ ቁም" የሚላቸው ግን ጥቂት ነው።

በሰኔ 2025 ሮላን ጋሮስ ላይ የ22 ዓመቱ ካርሎስ አልካራዝ ያኒክ ሲነርን 5 ሰዓት ከ29 ደቂቃ በፈጀ ፍጻሜ አሸነፈ። ሁለት ዙር ተመርቶ፣ በአራተኛው ዙር ሲነር ለዋንጫው አንድ ነጥብ የቀረው ጊዜ ሦስት ደርሶ ነበር። የመጨረሻውን ታይብሬክ 10 ለ 2 ሲወስድ፣ ከአምስት ሰዓት ሩጫ በኋላ ማለት ነው፣ ያ ሰው አሁንም ኳሷ ከመመታቷ በፊት እንጣጥ ይል ነበር። ቪዲዮውን ካገኛችሁ ኳሷን የሚመታውን ተዉትና የሚጠብቀውን ተመልከቱ። ወደ ታች፣ ወደ ጫማው አካባቢ።